ቤተሰብዎ ኢትዮጵያ ሆኖ የአሜሪካን የሴኪዩሪቲ ክሊራንስ ፎርም እንዴት ይሞላሉ?

«እናትና አባቴ ደሴ ናቸው። በየወሩ ገንዘብ እልክላቸዋለሁ። ይህን ፎርሙ ላይ ከጻፍኩ ክሊራንሱን ይከለክሉኛል?» ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ከቅዳሴ በኋላም፣ ሠርግ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም ይህን ጥያቄ ሳልጠየቅ የማልፍበት ወር የለም። ጠያቂዎቹ በኮምፒውተር ሥራ የተቀጠሩ ወጣቶች፣ የሒሳብ ባለሙያዎችና ወደ አሜሪካ ጦር ለመግባት የተመዘገቡ ልጆች ናቸው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ አንዱን ነገር ስለምረሳ፣ ሁሉንም አንድ ቦታ ጽፌዋለሁ።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ዘመድ ኢትዮጵያ መኖሩ በራሱ አያስከለክልም። ወላጆቻቸውና እህት ወንድሞቻቸው ኢትዮጵያ እያሉ ክሊራንስ ይዘው የሚሠሩ ሰዎችን አውቃለሁ። ሰውን የሚጥለው ፎርሙ ላይ ሳይጻፍ ቀርቶ በኋላ ከሌላ መዝገብ የተገኘ ነገር፣ እንዲሁም ያልተስተካከለ ዕዳና ግብር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ እነዚህን ሁለቱን ለመከላከል የተዘጋጁ ናቸው።

ጠበቃ አይደለሁም። ፎርሙን ለራሴ ሁለት ጊዜ ሞልቻለሁ፣ ሌሎችንም ምግብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ አግዣለሁ። የወንጀል ክስ ወይም የኢሚግሬሽን ማመልከቻ ላይ የተሳሳተ ነገር ያለበት ሰው ግን ከመፈረሙ በፊት ጠበቃ ያማክር።

ከመጀመርዎ በፊት ይህን ይወቁ

ክሊራንስ የመንግሥትን ምሥጢራዊ መረጃ ለማየት የሚያስችል ፈቃድ ነው። ኮንፊደንሻል፣ ሲክሬት እና ቶፕ ሲክሬት የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት። ራስዎ ሄደው የሚያመለክቱበት ቢሮ የለም። የቀጠረዎት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ከመንግሥት ጋር ውል ያለው ድርጅት ስፖንሰር ሲያደርግዎት ብቻ ሂደቱ ይጀመራል። ከእርስዎ የሚጠየቅ ክፍያም የለም።

ማስጠንቀቂያ፦ «ክሊራንስ አወጣልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አታላይ ነው። የግል መረጃዎንም ይዞ ሊጠፋ ስለሚችል የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥርዎን አይስጡት።

ክሊራንስ የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጋ ነው፤ ግሪን ካርድ አይበቃም። በማመልከቻ ዜግነት ያገኘ ሰው አሜሪካ ከተወለደው እኩል ማመልከት ይችላል። «ፐብሊክ ትረስት» የሚባለው ማጣሪያ ደግሞ ክሊራንስ አይደለም፤ ፎርሙም ሌላ ነው። የትኛው እንደተጠየቀብዎ ቀጣሪዎን በግልጽ ይጠይቁ።

የክሊራንሱ ፎርም ኤስ ኤፍ 86 ይባላል። በወረቀት ቢታተም ከ100 ገጽ በላይ ነው፤ አሁን የሚሞላው ኢ-አፕ በሚባል የመንግሥት ድረ ገጽ ነው። የአብዛኞቹን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ማጣሪያ ከ2019 ጀምሮ የሚያካሂደው በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ዲ ሲ ኤስ ኤ የሚባለው የመከላከያ ሚኒስቴር ኤጀንሲ ነው። ውሳኔው የሚሰጠው ከሰኔ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባሉ 13 መመዘኛዎች ነው። ለእኛ ማኅበረሰብ ጎላ ብለው የሚታዩት የውጭ ተጽዕኖ፣ የገንዘብ ሁኔታ እና የግል ጠባይ የሚባሉት ናቸው። የመጨረሻው በዋናነት የሚመለከተው እውነት ተናግረዋል ወይ የሚለውን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቱ ካልተገለጸ በስተቀር ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

የሚያስፈልጉ ሰነዶች

የፎርሙ ግብዣ በኢሜይል ሲመጣ ቀጣሪው ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ጥቂት ቀናት ነው። ስለዚህ የሥራ ቅጥር ደብዳቤው ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ እነዚህን ያሰባስቡ፦

– የአሜሪካ ፓስፖርትና የዜግነት ምስክር ወረቀት
– የድሮ የኢትዮጵያ ፓስፖርት (ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን)፣ እንዲሁም ካለዎት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ
– የ10 ዓመት የመኖሪያ አድራሻ፦ የኪራይ ውሎች፣ የመብራት ወይም የስልክ ሒሳቦች
– የ10 ዓመት የሥራና የትምህርት ታሪክ፦ በየዓመቱ የሚሰጥ የደመወዝና የግብር ወረቀት፣ የአለቆች ስምና ስልክ
– የ7 ዓመት የውጭ ጉዞ ቀናት
– የወላጆች፣ የእህት ወንድሞች፣ የልጆች፣ የባለቤትዎና የአማቶችዎ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ አድራሻ፣ ዜግነት
– ከኢኩፋክስ፣ ከኤክስፔሪያንና ከትራንስዩኒየን የሚገኝ የክሬዲት ሪፖርት (ሦስቱም በነጻ ይሰጣሉ)
– ከአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት የሚገኝ የ7 ዓመት የግብር መዝገብ (ይህም ነጻ ነው)
– ወደ አገር ቤት የላኩት ገንዘብ ደረሰኝ ወይም የላኩበት መተግበሪያ ዝርዝር
– ወደ አሜሪካ ሲመጡና ዜግነት ሲጠይቁ የሞሏቸው ፎርሞች ቅጂ

የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያስቀምጠውም። ቅጂው ከሌለዎት ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በመረጃ ነጻነት ሕግ መጠየቅ ይቻላል፤ ጊዜ ስለሚወስድ ግን ቀድመው ይጠይቁ። የሚያስፈልገውም ፎርምዎን የሚያጣራው መርማሪ ያንን መዝገብ ማየት ስለሚችል ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ምን እንደጻፉ እርስዎ ረስተው እሱ እያነበበ መገናኘት ጥሩ አይደለም።

ደረጃ 1፦ ስምዎን እንደየሰነዱ ይጻፉ

የሚጠቀሙበትን ሕጋዊ ስም ካሰፈሩ በኋላ «ሌሎች የተጠቀሙባቸው ስሞች» በሚለው ክፍል የቀሩትን ሁሉ ይዘርዝሩ። አንዱ ሰነድ ላይ በአንድ ፊደል የተለየ አጻጻፍ፣ ዜግነት ሲወስዱ ያሳጠሩት የአያት ስም፣ በትዳር ምክንያት የለወጡት ስም፣ ሁሉም ይገባሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሚመረመረው መዝገብ የሚፈለገው በስም ነው። ያልጻፉት ስም በኋላ ሲገኝ የተደበቀ ይመስላል።

የእኛ ስም አወጣጥ ለማያውቀው ሰው ያደናግራል። እናት፣ አባትና ልጅ የተለያየ «የመጨረሻ ስም» ይዘው ይታዩታል። በማብራሪያ ሳጥኑ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስረዱ፦ በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የለም፣ ሁለተኛው ስም የአባት፣ ሦስተኛው የአያት ነው፣ ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም። ይህን ካላስረዱ መርማሪው ወንድምዎን ወንድምዎ መሆኑን ይጠራጠራል።

ደረጃ 2፦ ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይለውጡ

ከስህተቶች ሁሉ የሚበዛው እዚህ ነው። አንድ ወጣት የእናቱን የሞት ዓመት 2001 ብሎ ጻፈ። ቀኑ ከአገር ቤት በስልክ የተነገረው ሚያዝያ 12 ቀን 2001 ዓ.ም. ተብሎ ነበር፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 20 ቀን 2009 ነው። ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ እናቱን በ2006 ሄዶ እንደጠየቃት ጽፏል። ሲነበብ የሞተች ሴት ሊጠይቅ የሄደ ሆነ። ከመላኩ በፊት አየነው እንጂ ለማስረዳት ረጅም ቃለ መጠይቅ ያስፈልገው ነበር።

ስሌቱ ይህ ነው፦ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያው ዓመት ላይ 7 ይደምሩ፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደምሩ። ወሩንና ቀኑን ግን በግምት አያሰሉ፤ ቀን መለወጫ ይጠቀሙ። ፎርሙ ወርን ከቀን እንደሚያስቀድምም ያስታውሱ።

የወላጆች ትክክለኛ የልደት ቀን አለመታወቁ የተለመደ ነው። ከዚህ ቀደም በኢሚግሬሽን ፎርም ላይ የተጠቀሙበትን ቀን ይጻፉና ግምት መሆኑን የሚያመለክተውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። አዲስ ግምት አይፍጠሩ፤ ሁለት ግምት ሁለት ሰው ይሆናል።

ደረጃ 3፦ የ10 ዓመት አድራሻና ሥራ ያለ ክፍተት ይሙሉ

አንድ ወር እንኳ ባዶ ከቀረ ጥያቄ ይነሣል፤ መርማሪው ሊያረጋግጠው የማይችለው ጊዜ ስለሆነ ነው። አሜሪካ እንደገቡ የአክስት ልጅ ሳሎን ውስጥ የተኙባቸው አራት ወራትም አድራሻ ናቸው። የኪራይ ውሉ በእርስዎ ስም ባይሆንም ይጻፉት። ላለፉት 3 ዓመታት ለኖሩበት ቦታ ሁሉ፣ እዚያ ሲኖሩ የሚያውቅዎትን ሰው ስምና ስልክ ይጠየቃሉ።

ሥራም እንዲሁ ነው። ታክሲ መንዳት፣ የመኪና ማቆሚያ ሥራ፣ ምግብ ቤት ውስጥ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለበት ቅዳሜና እሁድ፣ ሥራ አጥ የነበሩበት ጊዜ፣ ሁሉም ይገባሉ። ከሥራ ተባረው ከሆነ ተባረርኩ ብለው ይጻፉ፤ የቀድሞ ቀጣሪዎ ይጠየቃል። በጥሬ ገንዘብ የተከፈለዎትን ሳያሳውቁ ቀርተው ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የግብር ነውና ደረጃ 7ን ያንብቡ።

በኢትዮጵያ በውትድርና፣ በፖሊስ፣ በሚሊሻ ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ካገለገሉ ለዚህ ራሱን የቻለ ጥያቄ አለ። ጥያቄው የጊዜ ገደብ የለውም፤ ከ10 ዓመት በፊት ቢሆንም ይመልሱ።

ወንድ ከሆኑና ከ26 ዓመትዎ በፊት አሜሪካ ከገቡ ለውትድርና ጥሪ የመመዝገብ ግዴታ ነበረብዎ። የምዝገባ ቁጥሩን አስቀድመው ይፈልጉ፤ ካልተመዘገቡ ምክንያቱን በሐቅ ይጻፉ።

ደረጃ 4፦ ዘመዶችዎን በፎርሙ ትርጉም ይቁጠሩ

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ወጥመድ ይሆናል። እኛ የአጎትን ልጅ «ወንድሜ» እንላለን፤ ያሳደገችንን አክስት «እናቴ» እንላለን። ፎርሙ ላይ ሁለት ወንድም ጽፎ ቃለ መጠይቅ ላይ «ሌላው ወንድሜ ዱባይ ነው» ያለ ሰው አውቃለሁ። የአጎቱ ልጅ ነበር። መርማሪው ግን የጻፈው ያልተመዘገበ ወንድም ብሎ ነው፤ ነገሩ የጠራው ከወራት በኋላ ነው።

በዘመድ ክፍል የሚገቡት እነዚህ ናቸው፦ እናት፣ አባት፣ እንጀራ እናት፣ እንጀራ አባት፣ አሳዳጊ፣ ልጅ፣ የጉዲፈቻ ልጅ፣ የእንጀራ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ በእናት ወይም በአባት ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እህት፣ አማቶች። በሕይወት የሌሉትም ይጻፋሉ። አባትዎ ከሌላ የወለዷቸው፣ በአካል አይተዋቸው የማያውቋቸው ልጆችም ቢሆኑ እህት ወንድም ናቸው፤ የማያውቁትን ዝርዝር «አላውቅም» ብለው ምክንያቱን ያስረዱ። አጎት፣ አክስት፣ የአጎት ልጅና የክርስትና ልጅ እዚህ አይገቡም፤ ቦታቸው ቀጣዩ ደረጃ ነው። አክስትዎ እናት ሆነው ካሳደጉዎት ግን አሳዳጊ በሚለው ይግቡ።

የአሜሪካ ዜጋ ላልሆነ እያንዳንዱ ዘመድ፣ በምን እንደሚገናኙና በየስንት ጊዜው፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተገናኙ፣ ዘመዱ ምን እንደሚሠራ፣ ከመንግሥት፣ ከጦር ወይም ከደኅንነት ጋር ግንኙነት እንዳለው ይጠየቃል። በኢትዮጵያ መንግሥት ትልቁ ቀጣሪ ስለሆነ «የለውም» ለማለት አይቸኩሉ። የቀበሌ ሠራተኛ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በኢትዮ ቴሌኮም ወይም በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚሠራ ወንድም የሚከፈለው ከመንግሥት ወይም ከመንግሥት ድርጅት ነው። ይህን ይጻፉና ሥራው ምን እንደሆነ ያብራሩ፦ «ወንድሜ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው፤ ከጦርና ከደኅንነት ጋር ግንኙነት የለውም።» የሒሳብ መምህር መሆኑ ማንንም አያሳስብም፤ ተደብቆ ሲገኝ ግን ለምን ተደበቀ ይባላል።

አድራሻ ሲጠየቁ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ይጻፉ፤ የቤት ቁጥር ከሌለ የለም ይበሉ። አንዱን ቦታ በሁሉም ገጽ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በዲቪም ሆነ በስደተኝነት ማመልከቻ ላይ የወንድም ልጅ እንደ ልጅ ተመዝግቦ ወይም ትዳር ሳይጠቀስ ቀርቶ ከሆነ፣ ፎርሙን ከመንካትዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግሩ። ይህ ከክሊራንስ በላይ ዜግነትን የሚነካ ጉዳይ ነው። ከወዳጅ ምክር ጋር የሚሄዱበት ነገር አይደለም።

ደረጃ 5፦ የውጭ አገር ወዳጆችን ይምረጡ

ጥያቄው ላለፉት 7 ዓመታት በፍቅር፣ በተጽዕኖ፣ በጋራ ጥቅም ወይም በግዴታ የተሳሰሯቸውን፣ የቅርብ ወይም ቀጣይ ግንኙነት ያለዎትን የውጭ ዜጎች ይመለከታል። እርስዎን ብቻ ሳይሆን ባለቤትዎን ይጨምራል። ሦስት መቶ ሰው ያለበትን የቴሌግራም ቡድን መዘርዘር አይጠበቅብዎትም። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው፦ ቢታመም ስልክ የሚደወልልኝ ሰው ነው? ገንዘብ ቢጠይቀኝ እልክለታለሁ? አገር ቤት ስሄድ ቤቱ አድራለሁ? ከሦስቱ ለአንዱ አዎ ካልኩ እጽፈዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ በግሪን ካርድ የሚኖር ጓደኛም የውጭ ዜጋ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

ደረጃ 6፦ አገር ቤት ያለዎትን ገንዘብና ንብረት ያውጡ

ለውጭ ዜጋ የገንዘብ ድጋፍ ሰጥተው ያውቃሉ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ለእናት የሚላከው ወርኃዊ ገንዘብ መልሱ እዚህ ነው። የማን ስም፣ ስንት፣ በየስንት ጊዜው እንደሆነ ይጻፉ። መጠኑን በማስታወስ አይገምቱ፤ ከደረሰኞቹ ይደምሩ። ውሳኔ ሰጪው የሚያመዛዝነው ገንዘቡ ከገቢዎ ጋር ይመጣጠናል ወይ፣ ለማን ይደርሳል፣ የሚለውን ነው። እናትን መርዳት የሚያሳፍር ነገር ሆኖ መደበቅ የለበትም።

ቀጥሎ ንብረት። የሚጠየቁት በራስዎ ስም ስላለው ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሰው ለእርስዎ ይዞልዎት ያለው፣ የባለቤትዎና በእርስዎ ሥር ያሉ ልጆችዎም ይካተታል። ስለዚህ፦

– በዳያስፖራ የተመዘገቡበት ወይም የገዙት ኮንዶሚኒየም
– በወንድምዎ ስም ሆኖ ገንዘቡ የእርስዎ የሆነ ቤት፣ እንዲሁም በውክልና የሚተዳደር ንብረት
– የዳያስፖራ የባንክ ሒሳብ
– የባንክ ወይም የኢንሹራንስ አክሲዮን
– የህዳሴ ግድብ ቦንድ
– ከወላጅ የወረሱት ድርሻ

ሁሉም ይጻፋሉ። ለመግዛት ያቀዱት ቤትም ይጠየቃል። ከዚያ በተቃራኒው አሜሪካ ያለዎትን ይመልከቱ፦ ሥራ፣ ቤት፣ የጡረታ ቁጠባ፣ እዚህ የሚያድጉ ልጆች። የውጭው ትንሽ፣ የአሜሪካው ትልቅ ከሆነ ሚዛኑ ይረዳዎታል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ በቁጥር ለማሳየት ይዘጋጁ።

በውጭ ባንክ ያለዎት ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ በድምሩ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለአሜሪካ ግምጃ ቤት በየዓመቱ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ካላሳወቁ ከፎርሙ በፊት የግብር ባለሙያ ያማክሩ።

እቁብ ለብቻው ላንሣው። እቁብ ሕገ ወጥ አይደለም። ነገር ግን ዕጣ ሲወጣልዎ በባንክ ሒሳብዎ ላይ ድንገት ትልቅ ገንዘብ ይታያል፤ እቁብን የማያውቅ ሰው ደግሞ ከየት እንደመጣ መጠየቁ ትክክል ነው። የአባላትን ዝርዝር፣ በየወሩ የከፈሉትንና ዕጣ የወጣበትን ቀን የያዘውን የሰብሳቢውን መዝገብ ቅጂ ይያዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ባንኮች ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነን ጥሬ ገንዘብ ለመንግሥት ያሳውቃሉ። ይህ ለእርስዎ ችግር አይደለም። እንዳያሳውቁ ብሎ የእቁቡን ገንዘብ ከፋፍሎ ማስገባት ግን ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም በራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው። «ዘጠኝ ዘጠኝ ሺህ እያደረግህ አስገባ» የሚልዎትን አይስሙ።

ደረጃ 7፦ ዕዳና ግብርን ከፊርማው በፊት ያስተካክሉ

ክሊራንስ ከሚከለከልባቸው ምክንያቶች እጅግ የተለመደው ገንዘብ ነው። ዕዳ የተጫነበት ሰው በገንዘብ ሊደለል ይችላል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ሦስቱንም የክሬዲት ሪፖርቶች አንብበው የመክፈያ ጊዜው ያለፈበትን ዕዳ ሁሉ ይዘርዝሩ። መክፈል ካልቻሉ ከአበዳሪው ጋር የክፍያ ስምምነት ያድርጉና ቢያንስ ጥቂት ወር በሰዓቱ ይክፈሉ፤ ስምምነቱና ደረሰኞቹ፣ ዕዳው ሐኪም ቤት ተኝተው ወይም ሥራ አጥተው የመጣ መሆኑን ከሚያሳይ ሰነድ ጋር፣ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። ያልቀረበ የግብር ዓመት ካለ ዛሬውኑ ያቅርቡ። ግብር ሳያቀርቡ መቅረት ከዕዳው ይልቅ ይከብዳል፤ ሕግ አለማክበር ሆኖ ስለሚታይ።

ደረጃ 8፦ ጉዞ፣ ፓስፖርትና ኤምባሲ

ዜግነት ከወሰዱ በኋላ የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ ሌላ ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ስለዚህ የቀድሞ ዜግነትዎን ከመቼ እስከ መቼ እንደያዙት ይጻፉ። የድሮውን ፓስፖርት ቁጥርም ያስፍሩ። ቢጫ ካርዱ ዜግነት አይሰጥም፤ ቢሆንም ከውጭ መንግሥት የተገኘ መታወቂያና መብት ስለሆነ በማብራሪያ ይጥቀሱት። አሜሪካ ሲገቡና ሲወጡ ሁልጊዜ በአሜሪካ ፓስፖርት ይጠቀሙ።

ከኤምባሲ ወይም ከቆንስላ ጋር የተደረገ የተለመደ የቪዛ ጉዳይ አይቆጠርም። በኤምባሲ ስብሰባ ላይ መናገር፣ የመንግሥት ልዑክን መቀበል፣ ለባለሥልጣን ምክር መስጠት ግን ይቆጠራል። ዘመድ ለማስመጣት ስፖንሰር ሆነው ከነበረም ጥያቄው አለ።

ደረጃ 9፦ ለመጻፍ የሚከብዱት ጥያቄዎች

ማሪዋና በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ ለአዋቂዎች ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ እስካሁን የተከለከለ ነው፤ ክሊራንስ ደግሞ የፌዴራል ጉዳይ ነው። ላለፉት 7 ዓመታት የተጠቀሙትን ይጻፉ፤ አሁንም የሚጠቀሙ ከሆነ ያቁሙ።

ጫትን በተመለከተ ብዙ ሰው ቡና የሚጠጣ ያህል ያየዋል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ከሄሮይን ጋር በአንድ የክልከላ መደብ ተመድቧል። አሜሪካ ውስጥ ከቃሙ በአደንዛዥ ዕጽ ክፍል ይጻፋል። ኢትዮጵያ ሄደው፣ በሚፈቀድበት አገር የቃሙትን በተመለከተ ከጠበቃ ወይም ከመሥሪያ ቤቱ የደኅንነት ኃላፊ (በቀጣሪዎ በኩል የክሊራንስ ጉዳይዎን ከሚከታተለው ሰው) ጋር ተነጋግረው ይመልሱ።

ከሐዘን ወይም ከትዳር ጭንቀት የተነሣ አማካሪ ማነጋገር አያስከለክልም። ፎርሙ የሚጠይቀው የተወሰኑ ከባድ ሕመሞችን፣ በሐኪም ቤት መተኛትንና የፍርድ ቤት ውሳኔን ነው። ክሊራንስ ፈርታችሁ ሕክምና የምታቋርጡ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ አታቋርጡ።

ደረጃ 10፦ ይፈርሙ፣ ቅጂ ያስቀምጡ፣ ምስክሮችዎን ያሳውቁ

ከመፈረምዎ በፊት ሙሉውን ፎርም አውርደው ያስቀምጡ። ቃለ መጠይቁም ሆነ ከዓመታት በኋላ የሚሞላው ሁለተኛ ፎርም ከዚህ ቅጂ ጋር መስማማት አለበት። እያወቁ ውሸት መጻፍ እስከ 5 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ነው። አሻራ መስጠት ቀላል ነው፤ የተነገረዎት ቦታ ሄደው ይሰጣሉ።

በሚገባ የሚያውቁዎትን ሦስት ሰዎች ይጠየቃሉ። ዘመድ መሆን የለባቸውም፤ በአንድነት ያለፉትን 7 ዓመታት መሸፈን አለባቸው። ለእነርሱም፣ ለጎረቤትም አስቀድመው ይንገሩ። አንድ ጊዜ መርማሪ መታወቂያውን አሳይቶ የአንድ ጓደኛዬን ጎረቤት በር አንኳኳ። ልጆቹን ሲጠብቁለት የኖሩት እናት ሰንሰለቱን ሳይፈቱ በስንጥቁ አይተው «አላውቀውም» ብለው ዘጉ። ሊጠብቁት ብለው ነው፤ የመንግሥት ሰው ስም ጠርቶ ሲመጣ አላውቅም ማለት የለመዱበት ዘመን አለ። ውጤቱ ግን አራት ዓመት በአንድ ደጃፍ የኖረ ሰው የማይታወቅ ሆኖ ተመዘገበ። ስለዚህ «ስለ እኔ የሚጠይቅ ሰው ሊመጣ ይችላል፣ መታወቂያውን አይተው የሚያውቁትን ይንገሩት» ይበሉ። ምን እንደሚሉ ግን አያስጠኗቸው።

ደረጃ 11፦ ቃለ መጠይቁ

ለቶፕ ሲክሬት ቃለ መጠይቅ ይኖራል፤ ለሲክሬት የሚጠራው ማብራሪያ የሚፈልግ ነገር ሲገኝ ነው። የፎርምዎን ቅጂና ሰነዶቹን ይዘው ይሂዱ። የጠየቀዎትን ይመልሱ፤ በጨዋነት «ሁሉም ደኅና ነው» ብሎ ማለፍ እዚህ አይሠራም። የረሱት ነገር ካለ መርማሪው ሳያነሣው በፊት እርስዎ ያንሡት፤ በገዛ ፈቃድ ቶሎ የተስተካከለ ስህተት በመመዘኛዎቹ ውስጥ ለእርስዎ የሚቆጠር ነጥብ ነው። ዘመድ ሲጠሩ በትክክል ይጥሩ፦ የአጎቴ ልጅ፣ የአባቴ ልጅ፣ ያሳደገችኝ አክስቴ።

ከቤተሰብዎ አንዱ ቢታገትና ቢያስፈራሩዎት ምን ያደርጋሉ የሚል ዓይነት ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። የሚጠበቀው ለደኅንነት ኃላፊው ወይም ለኤፍ ቢ አይ ወዲያው አሳውቃለሁ የሚል ነው። ይህን አስቀድመው ከልብ ያስቡበት፤ አሜሪካ ላይ ተቀምጦ በፍጥነት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

ደረጃ 12፦ የምክንያት ደብዳቤ ከመጣ

ሥጋት ካለ ምክንያቶቹን የሚዘረዝር ደብዳቤ ይላካል። ይህ የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም፤ ተስፋ ቆርጠው አይተዉት። የመከላከያ ሚኒስቴር ውል ያለው ድርጅት ሠራተኛ ከሆኑ ደብዳቤው በደረሰዎት በ20 ቀን ውስጥ በመሐላ መልስ መስጠት አለብዎ። እያንዳንዱን ነጥብ «አምናለሁ» ወይም «እክዳለሁ» ብለው ለየብቻ ይመልሱ፣ ማስረጃ ያያይዙ፣ ዳኛ ፊት መቅረብ ከፈለጉ በመልሱ ውስጥ ይጠይቁ። ሌሎች ሠራተኞችና ወታደሮች በደብዳቤያቸው ላይ የተጻፈውን ቀን ይከተሉ። በዚህ ደረጃ በክሊራንስ ጉዳይ የሠለጠነ ጠበቃ መያዝ ገንዘቡ የሚቆጭ አይደለም።

ደረጃ 13፦ ክሊራንሱ ከተሰጠ በኋላ

መንግሥት አሁን የወንጀል፣ የክሬዲትና ሌሎች መዝገቦችን ያለማቋረጥ ይከታተላል፤ እንደ ድሮው 5 ወይም 10 ዓመት ጠብቆ ብቻ አይደለም። ስለዚህ፦

– ለጥምቀት አገር ቤት ሊሄዱ ነው? ቲኬት ሲቆርጡ ለደኅንነት ኃላፊዎ ያሳውቁ፤ ከጉዞው በፊት መታወቅ አለበት። ለቅሶ ደርሶብዎ በድንገት ከሄዱም በስልክም ቢሆን ይንገሩ፣ እንደተመለሱ ይጻፉ።
– መታሰር፣ የባንክ ኪሳራ፣ ከ120 ቀን በላይ ያልተከፈለ ዕዳ ሲኖር ያሳውቁ።
– ቶፕ ሲክሬት ከያዙ የውጭ ዜጋ ማግባት ወይም አብሮ መኖር፣ የውጭ ባንክ ሒሳብ መክፈት፣ ቤት መግዛት፣ እንደ ውርስ ያለ 10,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ድንገተኛ ገንዘብም ይገለጻል። የእቁብ ዕጣ እዚህ ይግባ አይግባ ኃላፊውን ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።

እናትዎን ዱባይ ወስደው ሊያሳክሙ፣ እህትዎን ሊድሩ ወይም የአባትዎን ቤት ሊያድሱ ሲያስቡም የመጀመሪያው ስልክ ወደ ደኅንነት ኃላፊው ይሁን፤ ሁለተኛው ወደ አገር ቤት።